ወደ ኋላ የሚከፈተው በር

የአባቴን መኪና እጠላታለሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ በቤታችን ከእናቴ ስም በላይ ሲጠራ ኖሯል፣ ይበቃዋል። አሜሪካ የተሠራች የሀብታም መኪና ናት። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ የወጣች፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ መርሳ ዋናው አስፋልት ዳር ባለው ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተኝታ የምትኖር። ክረምት ሲገባ የእኛ ጣሪያ ያፈሳል፤ የእሷ አፍስሶ አያውቅም።

ወደ እኛ የመጣችበት ታሪክ አጭር ነው። አያቴ መርሳ ላይ ነዳጅ ይሸጥ ነበር። አንድ ባለጸጋ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ሞተሩ ፈላበትና መኪናውን አያቴ ዘንድ ትቶ፣ «ዕቃ ልኬ አስጠግኜ እወስዳታለሁ» ብሎ በአውቶቡስ ሄደ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰውየውንም ዕቃውንም ውሃ በላቸው። አያቴ መኪናዋ እንዳትወረስ ፈርቶ በማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ደበቃት። ክምሩ በፈረሰ ጊዜ አያቴ በሕይወት አልነበረም። አባቴ ግን ነበር፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

እኔ ታላቋ ልጁ ወልድያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አርብ አርብ ማታ በሚኒባስ መርሳ እገባለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ስለ መኪናዋ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም፤ በዚያ ቤት ያደገ ሰው ሳይወድ በግዱ ያውቃል። ወደ ቤታችን የመጣ እንግዳ ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት አባቴ ክንዱን ይዞ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ይወስደውና ስለ ሞዴሎቹ ይጀምርለታል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣም ቢሆን አይቀርለትም። እናታችን በሞተች ሰሞን ከግራና የመጡ ዘመዶች ዓይናቸው እንባ እንዳረገዘ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር አሳይቷቸዋል።

ትምህርቱ ይኸውላችሁ። ከእሷ በፊት ኩባንያው የሚያወጣቸው መኪኖች ክንፍ ያበቀሉ፣ በኒኬል ያበዱ፣ ማንኛውም መንገድ የሚጠባቸው ነበሩ። ገዢ ሲሰለቻቸው አዲስ ሞዴል አወጡ። ርዝመቱን ቆረጡ፣ ክንፉን ላጩ፣ ጎኗን ያለ አንዳች ጌጥ ለጥ አደረጉት። በሁለተኛው ዓመት የፊት ፍርግርጓን አቀለሉ፤ በሦስተኛው የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ሰፋ አደረጉ። በአራተኛው ደግሞ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን እንዲዘረጋ ወገቧን አስረዘሙና፣ ጎበጥ ብሎ የነበረውን የጎን መስታወት ጠፍጣፋ አደረጉት። አባቴ ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ ደረቱን መታ አድርጎ፣ «የእኔዋ የመጀመሪያዋ ናት» ይላል፤ እሱ ራሱ የወለዳት ይመስል።

ከዚያ ወደ አሠራሯ ይገባል። ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር፣ ሰባት ሊትር ነው። እያንዳንዱ ሞተር ከመኪና ላይ ከመገጠሙ በፊት ለብቻው ለሰዓታት እየተሽከረከረ ይፈተን ነበር። የዝናብ መጥረጊያዋን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሳይሆን መሪዋን የሚያቀልለው ያው ዘይት ነው። የበር መቆለፊያዎቿ የሚሠሩት ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ባዶ ግፊት ነው። ሻንሲ የላትም። ሌላ መኪና ከሥር የብረት አጥንት አለው፣ አካሉ ከላይ ይጫንበታል፤ የእሷ አካሏም አጥንቷም አንድ ነው፣ ላሜራው ራሱ ሸክሙን ይሸከማል። የኋላ በሮቿም ማጠፊያቸው ከኋላ ስለሆነ ወደ ኋላ ነው የሚከፈቱት። የፊቱና የኋላው በር አንድ ላይ ሲከፈቱ ጎኗ እንደ ቁም ሣጥን ወለል ይላል።

ይህን ያሰበውን መሐንዲስ አልጠላውም። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስለ ግፊት ሳስተምር ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶብኝ ውጬዋለሁ። ነገር ግን አካሉ አጥንት የሆነ መኪና ላይ ዝገት የቆዳ በሽታ አይደለም። ያ የማሽላ አገዳ ለዓመታት እርጥበት ይዞባት ከሥር ከሥር በልቷታል። የቀኙ የኋላ በር ማጠፊያ የተሰቀለበትን ምሰሶ አንድ ቀን በጥፍሬ ብነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። ለአባቴ አሳየሁት። በማግስቱ ጥቁር ቀለም ቀባበትና «ይኸው ዳነ» አለኝ። መቆለፊያዎቹማ ባዶ ግፊቱ ከሾለከ ቆይቷል፤ ቆለፍኩ ብለህ ዞር ስትል ራሳቸው ይከፈታሉ።

እህቴ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። እናታችን ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም፤ አባቴ የሞተሩን ካንዴላ ሲወለውል ውሎ ካንዴላ ሲወለውል ነው የሚያመሸው። እሷ ግን እንደ እኔ አልመረረችም። እስከ መጨረሻው ድረስ እጇን ታጥባ ከጎኑ ትቆምና መፍቻ ታቀብለው ነበር። አንድ ቀን ቀና ብሎ ያየኛል ብላ ይሆናል።

ባሏን ያገኘችው በመኪናዋ ሰበብ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና የሚያስተምር፣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ልጅ ስለ መኪናዋ ሰምቶ አንድ ቅዳሜ መጣ። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባ፤ አባቴም ደስ ብሎት ትምህርቱን ጀመረ። ልጁ በጨዋነት አዳመጠ። አዳመጠና፣ መዳፉን በኋላ በር መስታወት ላይ አሳረፈ።

«አባባ፣ ይቺ እኮ አራተኛው ዓመት ናት» አለ። «መስታወቷ ጠፍጣፋ ነው። አሁን እርስዎ ራስዎ እንዳሉት።»

አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት! አባቴ መጀመሪያ መስታወቱን አየ፣ ቀጥሎ የልጁን እጅ አየ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እጅህን አንሳ» አለው። «አንሳና ከግቢዬ ውጣ።»

ልጁ ወጣ። እህቴ ይቅርታ ልትጠይቀው እስከ ውጭው በር ተከተለችው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የምትጠይቀው ይቅርታ አላጣችም። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ አባቴ ማን እንደላካቸው ሲሰማ «ያ መስታወት ነኪ?» ነው ያለው። እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላወጣለትም። ግን እህቴ ወድጃለሁ ብላለች፤ ጎረቤትም ልጁን መርምሮ ነቀፋ አላገኘበትም፤ እምቢ የሚልበት ምክንያት ቢፈልግ ጠፍጣፋ መስታወት ብቻ ነው ያለው። ኒካሑን በተኮሳተረ ፊት ፈቀደ። ሁላችንም ነገሩ በረደ ብለን ተንፈስ አልን።

እህቴ ከዚያ በኋላ ከአባቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤት በምትወጣበት ቀን ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ እንዲያደርግላት። በእኛ አገር ሴት ልጅ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት ከወጣች፣ ኋላ ልጅ ቢታመምባት፣ ከብት ቢሞትባት፣ ባሏ ፊቱን ቢያዞርባት ሰበቡ ያው ነው ይባላል። እኔ በዚህ አላምንም። እህቴ ታምናለች፤ ደግሞም የምትፈልገው በረከቱን ብቻ አልነበረም። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ አባቷ ሥራውን ትቶ እሷን ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያያት ነው የፈለገችው።

አባቴም የምትፈልገውን ነገር አወቀና ያዘባት። ሰርጉ ሲቃረብ «ልጄ በእኔ መኪና ካልወጣች ዱዓ አላደርግም» አለ።

ይህ ጉድ ነው። መኪና የሚያመጣው ሴቲቱን የሚወስደው ወገን ነው፤ የሙሽራው ሚዜዎች አበባ ያሰሩበትን መኪና ይዘው መጥተው፣ ለምነው፣ በር ተይዞባቸው፣ ተጨፍሮባቸው ይወስዷታል። አባት ልጁን በገዛ መኪናው ጭኖ አያደርስም። ነገሩ ወልድያ ሲሰማ የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ፤ አንደኛው በዕድሜ የአባቴ እኩያ ነበሩ፣ ነገር አዋቂ ሰው።

«ኧረ አንቱ ሰው፣ በአላህ ይሁንብዎ» አሉት። «አባት ራሱ ጭኖ ሲያደርስ የት ታይቶ ያውቃል? ‹የሚወስድለት ቢያጣ አምጥቶ ጣላት› ይላሉ እኮ! ለልጅቱ ስም አያስቡም?»

አባቴ መልሱን አዘጋጅቶ ቆይቷል። «የእናንተ መኪና ልጄን በየትኛው እግሯ ነው የሚያስገባት?» አለ።

ሽማግሌው አልገባቸውም። አባቴ እጃቸውን ይዞ መጀመሪያ ይዘውት ወደ መጡት መኪና ወሰዳቸው። «በቀኙ በር ይግቡ» አለ። ገቡ። «ዝቅ ብለው ይዩ፤ በግራ እግርዎ ነው የገቡት።» እውነትም በማንኛውም መኪና በቀኝ የኋላ በር ሲገባ በሩ ከፊት ስለሚጋርድ ሰው ፊቱን ወደ መኪናው አፍንጫ አዙሮ ግራ እግሩን ነው የሚያስቀድመው። ቀጥሎ ወደ እሱ መኪና አመጣቸው። በሩ ወደ ኋላ ተከፈተ። ሽማግሌው ከፊት በኩል መጡ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ቀኝ እግራቸው ሳይታዘዝ ቀድሞ ገባ። ተቀምጠው እግራቸውን አዩ።

«ወላሂ ቀኝ ነው» አሉ።

«ሙሽራ በግራ እግሯ ገብታ ነው ትዳር የምትይዘው?» አለ አባቴ። ቢስሚላህ ብሎ በቀኝ መግባት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። ለእነሱ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ከአንዱ መኪና ወርደው ወደ ሌላው እየገቡ እግራቸውን ሲመረምሩ ዋሉ። እኔ በመስኮት ሆኜ ቆሽቴ ሲያር ነበር። ያንን በር የሠሩት ሰዎች ወይዛዝርት ሲወርዱ ጫማቸው በር እንዳይመታ አስበው ነው የሚባለው፤ መርሳ ላይ የሃይማኖት ፈትዋ ይሆናል ብለው መቼም አላሰቡም።

በመጨረሻ አማካይ ተገኘ። አባቴ ከግቢያችን እስከ ከተማው መውጫ ድልድይ ይነዳታል። ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ዱዓ ያደርግላታል፤ ከዚያ ወደ ሙሽራው መኪና ትዛወራለች። ሙሽራው እስከዚያ ከእኛ ጋር አይገባም። «እስከ ድልድዩ ልጄ ናት» አለ አባቴ፣ «ከድልድዩ ወዲያ የሱ ሚስት።» ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ አባቴን ስለማውቀው ደስ አላለኝም።

በዋዜማው እህቴን ለብቻዋ ወስጄ ስለ በሩ ነገርኳት። ሌላ መኪና ሲሄድ በሩ ቢከፈት ነፋሱ መልሶ ይዘጋዋል። ይኼኛው ከፊት ነው የሚከፈተው፤ ነፋስ ከገባበት እንደ ሸራ ይይዘውና ጎትቶ ይነጥቀዋል። ምሰሶውም ቀለም ብቻ ነው። «መኪናዋ ስትሄድ እጅሽን ከእጀታው አርቂ» አልኳት። «ለቪዲዮ ቀራጩም እንዳትከፍቺለት፤ ክፈቺው፣ እጅሽን አውለብልቢ ማለቱ አይቀርም።» ገብቶኛል አለች። እንደገባትም አውቃለሁ፤ አስተማሪዋም ሆኜ አውቃታለሁና።

የሰርጉ ቀን መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ከየት እንደመጣ በማይጠየቅ የጀሪካን ቤንዚን ሆዷ ሞልቶ ቆመች። አክስቶቼ ያለቅሳሉ፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። እህቴ ነጭ በነጭ ሆና ብቅ ስትል ሰዉ ሁሉ እሷን አየ። አባቴ የኋላውን በር ከፍቶ ማጠፊያው ላይ ጆሮውን ደግኖ ነበር፤ ሲጢጥ ይል እንደሆን።

«ቀኝሽን» አላት።

ገባች። ቀሚሷ ከኋላ ያለውን ወንበር በሙሉ ሞላው፤ ስለዚህ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔ ከአባቴ ጎን ከፊት ገባሁ። አበባ ያሰረው የሙሽራው ነጭ መኪና ከኋላችን፣ ሌሎቹ ከእሱ ኋላ ተከተሉ። ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች ከዘንቢላቸው ተነሥተው እልል አሉ። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ ሆና ነው የምትፈስሰው። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ እህቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ድልድዩ ላይ ስትወርድ እንዳይዝረከረክባት ብላ ነው።

ድልድዩ ደረሰ። አባቴ ነዳጁን ረገጠው።

«አባባ፣ ድልድዩ» አልኩት።

«አየሁት።»

«ታዲያ አታቆምም?»

«ሞተሩ ገና አሁን መሞቁ ነው» አለኝ።

ድልድዩን አለፍነው። የሙሽራው መኪና ከኋላ ጡሩንባ ያዘ፤ ሌሎቹም አከታተሉ። ግን በሰርግ ቀን ጡሩንባ የማይነፋ መኪና የት አለ? ሙሽራው «አቁም» እያለ ይነፋል፤ መንገደኛው እልል ይላል፤ ከወልድያ የሚመጡት ባጃጆች ደስ ብሏቸው አብረው ይነፋሉ። አባቴም መልሶ ነፋ፤ ፊቱ በርቷል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ደሜ ፈላ።

«ድልድዩ ላይ እመርቃታለሁ ብለህ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብተሃል!» አልኩት።

«ስሚው እስቲ» አለኝ። «ስምንቱም እኩል ነው የሚመቱት። አንድ እንኳ አይዘልም።»

እህቴ ከኋላ «አባባ» አለችው። አልመለሰም። ወደ ስሪንቃ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። «አባባ፣ አቁምልኝ» አለችው። አሁንም ጆሮ ዳባ ልበስ። ሦስተኛ ስትጠራው ድምፅዋ የልጅነቷ ድምፅ ሆነብኝ። ዘወር ብዬ አየኋት። መስታወቱ ውስጥ የአባቷን ፊት እያየች ነበር፤ እሱ የፍጥነት መቁጠሪያውን ያያል። ከዚያ እጇን ወደ እጀታው ላከች።

ነግሬያታለሁ። ስትከፍተው ታውቅ ነበር።

በሩን ነፋሱ ላፍ አድርጎ ወሰደው። እጀታውን አልለቀቀችም ነበርና ክንዷን አብሮ ጎተተው፤ ጮኸች። ያ በቀለም የዳነው ምሰሶ አንድ ጊዜ ጧ አለና ላሜራው ተቀደደ፤ በሩ ከታች ባለው ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን እየፋቀ ብልጭታ ረጨ። አባቴ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ተንሸራትታ መንገድ ዳር ቆመች።

ወርዶ ሮጠ። በእኔ በኩል በፊት ለፊት ዞሮ ወደ ኋላ ሲሮጥ አየሁትና፣ አላህ ይይልኝ፣ ልቤ ራራ። ሮጦ በሩ ጋ ደረሰ። ተንበረከከ። የወደቀውን ጫፍ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣ፤ ያች የቀረችው ማጠፊያ እንዳትበጠስ።

«ገነጠልሽው» አላት። «ምን አድርጎሽ ነው?»

እህቴ ወንበሩ ላይ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ አቅፋ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ያለ ቦታው ወርዷል። ሙሽራው ደርሶ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ ቆይ አለችው። ራሷ ወረደች። የቀሚሷ ጫፍ አስፋልቱን እየጠረገ አባቷ ፊት ቆመች። ከመኪኖቹ የወረደው ሰው ሁሉ ከበባቸው፤ ጡሩንባውም ቆመ።

«አባባ፣ መርቀኝ» አለችው።

ዱዓ የሚደረገው ሁለት መዳፍ ተዘርግቶ ነው። የአባቴ ሁለት መዳፎች በሩን ይዘዋል። ቀና ብሎ አያት፣ ወደ በሩ ተመለከተ፣ እንደገና አያት።

«ቆይ» አላት። «ቆይ፣ ይሄን ላስደግፍ።»

ቆየች። እኔ በሩን ልይዝለት እጄን ብልክ «አትንኪ፣ አታውቂበትም!» ብሎ ጮኸብኝ። ድንጋይ አምጡ አለ። ማንም አላመጣለትም። ሽማግሌው «ኧረ አንቱ፣ ይልቀቁት፣ ብረት ነው!» አሉት። አባቴ ጉልበቱን ከበሩ ሥር ሊያስገባ ይታገላል። እህቴ ደግሞ ቆማ ትጠብቃለች፤ ላብ በፊቷ ይወርዳል፣ ኩሏ ተበላሽቷል። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ያ ሁሉ ሰርገኛ መሬት መሬቱን ሲያይ የምታፍረው እሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ዞራ ሄደች። ባሏ ነጠላዋን በክንዷ ዙሪያ አሰረላት፤ ነጩ መኪና ውስጥ አስገባት፤ ሰልፉ እኛን አልፎ ወደ ወልድያ ሄደ። ትከሻዋ ሐኪም ቤት ተመልሶላት፣ ክንዷ ታስሮ፣ በገዛ ሰርጓ ላይ በግራ እጇ እንግዳ ስትጨብጥ አመሸች።

እኔና አባቴ መንገድ ዳር ቀረን። በሩን ዘይት በነካው ገመድ ጠፍሮ አሰረው። ጨርሶ እጁን ሲጠርግ «ትንሽ ልሸኛት ብዬ እኮ ነው» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«ሽኝቱ ምርቃቱ ነበር» አልኩት። «እሷን እንኳ ሳታይ በሩን ነው ያነሣኸው።»

«እሷማ ትመጣለች» አለኝ። «ለመልሱ ትመጣለች። የዚህ በር መለዋወጫ ግን ከየት ይመጣል?»

ያኔ ብመታው በወደድኩ። አባት አይመታምና በሚኒባስ ወደ ወልድያ ሄድኩ።

መልስ የሚባለው ሙሽሮቹ ከሰርጉ በኋላ ወደ ሴቷ አባት ቤት ተመልሰው የሚስተናገዱበት ግብዣ ነው፤ ያለ ሙሽራ መልስ የለም። አክስቶቼ በጉን አሳረዱ፣ ግቢው ተጠረገ፣ ዳስ ተጣለ። አባቴ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ከነጄኔሬተሩ አስመጥቶ ምሰሶውን በወፍራም ብረት አስጠግኖታል። በዚያ ቀን መኪናዋን ከጥላው አውጥቶ ከዳሱ ፊት ለፊት አቆማት፤ ሁለቱን የኋላ በሮች ወለል አድርጎ ከፍቷቸዋል። የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

ሙሽራው ከሽማግሌው ጋር መጣ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ይወርዳል ብለን ጠበቅን፤ አልወረደም።

«ክንዷን አሟት ነው» አሉ ሽማግሌው። «አውፍ ይበሉን፣ ይቅርታ ያድርጉልን።»

አክስቶቼ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሴት ልጅ መልስ ያለ ልጅቱ! መርሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ የለም። አባቴ አንድ ጊዜ ወደ ውጭው በር ተመለከተ። ከዚያ ሙሽራውን በክንዱ ያዘውና ወደ መኪናዋ ወሰደው።

«ንካው» አለው። «ከድሮው ይጠነክራል። ንካው እንጂ።»

ሙሽራው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «አየሁት» አለና ወደ ዳሱ ሄደ። እኔ ያንን ልጅ ከዚያ በፊት እምብዛም አልወደውም ነበር።

ምግቡ ቀርቦ ሰዉ ሲበላ አባቴ ጠራኝ። ብየዳው ላይ የቀረውን ጥቀርሻ በጨርቅ ይፈትግ ነበር።

«ደውይላት» አለኝ። «በሩ ድኗል በያት።»

ደወልኩ። ወዲያው አነሣች፤ ስልኩን በእጇ ይዛ የቆየች ይመስለኛል። እንዳለኝ ነገርኳት፤ በሩ ድኗል ብሎሻል።

«ሌላስ ምን አለ?» አለችኝ።

ሰው ሲያዝን የሚባል ነገር ብዙ ነው፤ ናፍቀሽዋል፣ ክንድሽን ጠይቋል፣ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅሽ ነው የዋለው ማለት እችል ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። ጨርቁን ምራቁን እንትፍ ብሎ አርጥቦ ወደ ማጠፊያው ጎንበስ ብሏል።

«ሌላ ምንም አላለም» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።